ወታደር ስሙ ባለበት ቅጽ ላይ እውነቱን ይጽፋል?

የዚህን ውይይት የመክፈቻ ጽሑፍ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። ወታደሮች ከሲቪል እኩዮቻቸው የበለጠ ጤነኛ ናቸው፣ በበሽታ የሚሞቱትም ያነሱ ናቸው የሚሉ ጥናቶችን በየጊዜው አነባለሁ። ታዲያ የማውቃቸው ወታደር የነበሩ ወንዶች ወይ ጉልበታቸውን፣ ወይ ወገባቸውን፣ ወይ እንቅልፋቸውን የሚያማርሩት ለምንድን ነው? ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ከእነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ የሚነሱት ወታደሩ ራሱ ከሞላው መጠይቅ ነው። ነገ አዛዤ ያየዋል ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ ስሙ ባለበት ቅጽ ላይ እንቅልፍ አጥቻለሁ ብሎ ይጽፋል? ታናሽ ወንድሜ ወታደር ነው። እንዴት ነህ ስለው መልሱ ሁሌም ያው ነው፤ ደህና።

መልሶቹ ከጠበቅኩት በላይ በዙ። በቁጥራቸው እተርካቸዋለሁ፤ ያልረቡኝን ቶሎ አልፋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ ሰጪ ትሑት ሰው ነው። ሰላምታ ካቀረበ በኋላ ነገሩ ቀላል መሆኑን ነገረኝ። ወታደር ስፖርት ይሠራል፣ በሰዓቱ ይበላል፣ ሐኪምም ቅርቡ ነው፤ ጤነኛ ቢሆን ምን ይገርማል ነው ሐሳቡ።

2ኛዋ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናት። 1ኛውን በጨዋ ቃል አረመችው። ሠራዊት ያገኘውን ሁሉ እንደማይቀበል አስታወሰች። አስም ያለበት፣ ልቡ የሚያስቸግረው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ገና ከበር ይመለሳል። ከገባ በኋላ ክፉኛ የታመመውም ይሰናበታል። ውስጥ የሚቀረው ሁለት ጊዜ የተበጠረ ሰው ነው። ይህን ሰው ካልተበጠረው ሕዝብ ጎን አቁሞ ማን ይሻላል ማለት፣ መልሱን ይዞ መጠየቅ ነው ባይ ናት። ተመራማሪዎችም ያውቁታል፤ የጤነኛ ወታደር ተጽዕኖ ይሉታል። ስለዚህ ወታደር መነጻጸር ያለበት ከወታደር ጋር ነው፤ ግዳጅ የሄደው ካልሄደው፣ ያገለገለውም ከራሱ ከቀድሞው ሁኔታ ጋር። ለምሳሌ ያነሳችው አሜሪካኖች በ2001 የጀመሩትን «ሚሌኒየም ኮሆርት» የተባለ ጥናት ነው። ከ200,000 በላይ ሰዎችን ይዞ፣ መለዮአቸውን ካወለቁ በኋላም በየጥቂት ዓመቱ እየጠየቀ ይከታተላቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ግማሽ መልስ እዚህ ላይ ተገኘ።

3ኛው በዚህ ተስማምቶ፣ በጤና ምርመራ ያለፈ ሰው ሁሉ ጤነኛ እንዳልሆነ ለማሳየት አንድ የቆየ ጥናት አመጣ። በ1953 የታተመ ነው። በኮሪያ ጦርነት የተገደሉ 300 የአሜሪካ ወታደሮች አስከሬን ተመረመረ። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነበር። ከመቶ 77ቱ የልብ ደም ሥራቸው ላይ በዓይን የሚታይ ጉዳት ተገኘባቸው። ተራራ ሲወጡ የነበሩ ልጆች ናቸው። የልብ በሽታ የሽማግሌ በሽታ ነው የሚለውን እምነት ክፉኛ ያናጋው ይህ ጥናት እንደሆነ አብራራ።

4ኛው አርሞ ገባ። ጥናቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የወታደርነት በሽታ ተደርጎ እንዳይወሰድ አሳሰበ። በ2012 በታተመ ጥናት፣ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ዘመቻ ሕይወታቸው ያለፈ 3,832 የአሜሪካ ወታደሮች ላይ ተመሳሳይ ምርመራ ተደርጎ፣ ችግሩ የተገኘው በ8.5 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ሲጋራው ቀንሷል፣ የደም ግፊትም ይታከማል። ደግሞም የሁለቱ ጥናቶች አመራመር አንድ ስላልሆነ ቁጥርን በቁጥር ላይ አስቀምጦ ልዩነቱን ማስላት እንደማያስኬድ ጨመረ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚጨምር ሰው ደስ ይለኛል።

5ኛው አልጨመረም፤ ተቆጣ። ሰዉ ስለ ሙታን ልብ ሲያወራ በሕይወት ያለው ወታደር የተረሳ መሰለው። የተጠየቀው ስለ ቅጹ ነው፤ ስለ ቅጹ የሚያውቅ ካለ ይናገር፣ የማያውቅ ዝም ይበል። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ውይይቱን ወደ መስመሩ የመለሰው እሱ ነው።

6ኛው መልስ ረጅም ነው፤ እኔም ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዙ ዘመን የሠራዊት የጤና ባለሙያ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የጻፉት ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። የነገሩን ወታደሮች ከግዳጅ ሲመለሱ መጠይቁን እንዴት እንደሚሞሉ ነው። አንድ አዳራሽ፣ ረድፍ ረድፍ ጠረጴዛ፤ የአንዱ ወረቀት ለጎረቤቱ ይታያል። በሩ ላይ አንድ የበታች ሹም የፈቃድ ወረቀቶቹን ይዞ ቆሟል። ቅጹን ያስረከበ ፈቃዱን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድ ወጣት ብዕሩን ከላይ አሳርፎ፣ «የለም» በሚለው ዓምድ ላይ እስከ ታች አንድ መስመር ሰረዘ። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ በግዳጅ ላይ ሳለህ አጠገብህ ፍንዳታ ነበር ወይ የሚል ነበር። ያ ልጅ ከፍንዳታ የተረፈ መሆኑን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። እሱም «የለም» ላይ ነው የተሰረዘው። ወረቀቱን አስረክቦ ሲወጣ እኚህን ሰው ጠጋ አላቸውና፣ የእንቅልፍ ኪኒን ካለ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃቸው።

እሳቸው ለልጁ ጊዜ ሰጡት፤ ቅጹ ግን ደህና ነኝ እንዳለ ወደ መዝገብ ገባ። በኋላ አንድ ተመራማሪ መዝገቡን ከፍቶ ሲቆጥር፣ ይህን ልጅ ከጤነኞቹ ጋር እንደሚቆጥረው ጻፉልን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን ጠቅሰው፣ እዚህ ላይ ግን እንዲደብቅ ያደረገው አዳራሹ ነው የሚል ነው ፍርዳቸው። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

7ኛዋ የጋሼን ትዝብት በጥናት ደገፈች። በ2011 በታተመ ጥናት፣ ከግዳጅ የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች መደበኛውን ባለስም ቅጽ ሞሉ። ከእነሱ ውስጥ የተወሰኑት ደግሞ ስም የማይጻፍበት መጠይቅ ተሰጣቸው። ድብርት፣ ከአደጋ በኋላ የሚመጣው ፒቲኤስዲ የተባለ የአእምሮ ጭንቀት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ሁሉም ስም በሌለበት ወረቀት ላይ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተነሳው ስማቸው ብቻ ነው። በ2004 የወጣ ሌላ ጥናትም አስታወሰች። የአእምሮ ጤና ችግር ምልክት ከታየባቸው ወታደሮች መካከል እርዳታ የፈለጉት ከመቶ ከ23 እስከ 40 የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። ደካማ ነው እባላለሁ ብለው አብዝተው የሚሰጉትም ችግሩ ያለባቸው ራሳቸው ናቸው።

ለሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ወንድሜን ደህና የሚያሰኘው ምን እንደሆነም ትንሽ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያደገ ወንድ፣ እድገቱና ምደባው በአንድ ሰው እጅ ሲሆን፣ ለምን አፉን ይከፍታል?

8ኛው የቀድሞ መኮንን ነው። ቱግ ብሎ ነው የጻፈው። ወታደርን ሁሉ እንደ እብድ ማየት ሰልችቶኛል ባይ ነው። ብሪታንያውያን በ2010 ያወጡትን ጥናት ዘረጋ። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ዘመን ካገለገሉት ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች ተጠይቀው፣ የፒቲኤስዲ ምልክት የታየባቸው 4 በመቶ ብቻ ናቸው። ድብርትና ጭንቀትን የመሰሉ የተለመዱ ችግሮች 19.7 በመቶ፣ ጎጂ የመጠጥ አወሳሰድ 13 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ብዙኃኑ በሰላም ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው መሆኑ መነገር አለበት፤ አለዚያ ቀጣሪው ሁሉ የቀድሞ ወታደር ሲያይ ይሸሻል የሚል ነው ክርክሩ። ቁጣውን ትቼ ሐሳቡን ወስጃለሁ። በተለይ የመጠጡ ነገር ትልቅ ነው። ከፒቲኤስዲው ሦስት እጥፍ ነው፤ የሚያወራለት ግን የለም።

9ኛው ለ8ኛው በለስላሳ ቃል መለሰ። የብሪታንያውን ጥናት የሠሩት የኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች መሆናቸውን፣ መልሱም ለአዛዥ እንደማይደርስ ጠቁሞ፣ ቁጥሩ ከአሜሪካኖቹ ቢያንስ ሁሉም ዋሽቷል ማለት እንዳልሆነ አስረዳ። የግዳጁ ርዝመትም ይለያያል። ከዚያ ወደ ቬትናም ጦርነት ሄደ። በ1988 የወጣው ትልቁ ጥናት ከዘመቱት አሜሪካውያን ወንዶች 30.9 በመቶው በሕይወታቸው በአንድ ወቅት፣ 15.2 በመቶው ደግሞ በጥናቱ ጊዜ ፒቲኤስዲ እንዳለባቸው ተናግሮ ነበር። በ2006 ያው መረጃ ከወታደራዊ መዛግብት ጋር ተመሳክሮ እንደገና ሲታይ ወደ 18.7 እና 9.1 ወረደ። አንዱ ቁጥር ሌላውን አይሽርም፤ መመዘኛው ሲጠብቅ ቁጥሩ ይወርዳል። 8ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

10ኛው ድንገት ስለ ኃይል ሰጪ መጠጦች ጠየቀ። 11ኛው ስለ ማንኮራፋት። ጥቂት ሰዎችም በዚያው ሄዱ። አላነሳውም።

12ኛው ግን ስሙን ሰውሮ ያመጣው ጥያቄ ቁም ነገር ነው። ከባድ ሥልጠና ላይ ሳለ የወንድነት ፍላጎቱ ጭራሹን ጠፍቶበት ነበር። ለማን እንደሚናገር ግራ ገብቶት ለሁለት ዓመት ይዞት ቆይቷል። 13ኛዋ ሐኪም ናት፤ ሳታሳቅቀው መለሰችለት። በ1990ዎቹ ሬንጀር በተባለው ከባድ የአሜሪካ ጦር ሥልጠና ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ጠቀሰች። ሥልጠናው ስምንት ሳምንት ያህል ነው። ሰልጣኞቹ በትንሽ ምግብና በሌሊት አራት ሰዓት በማይሞላ እንቅልፍ ነበር የሚያሳልፉት። ከክብደታቸው ከመቶ 13 እስከ 16 የሚሆነውን አጡ። ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞናቸውም የዘር ፍሬው የተወገደ ሰው ደረጃ ድረስ ወረደ። ምግብና እንቅልፍ ሲያገኙ ግን ተመለሰ። ሰውነት ሲራብ መጀመሪያ የሚያጠፋው ለመኖር የማያስፈልገውን ነው፤ ይህ የባሕርይ ድክመት አይደለም። ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ካልተመለሰ ግን ምርመራ እንዲያደርግ መከረችው። 12ኛው ያመሰገነበት ቃል አጭር ነበር፤ እፎይ ማለቱ ግን ይታያል።

14ኛው ወደ ጉልበት መለሰን። ሰልጣኝ ሳለ ቅልጥሙ ሲያመው ጥርሱን ነክሶ ሮጦ፣ በመጨረሻ አጥንቱ መሰንጠቁ በራጅ ታየ። አስመሳይ እባላለሁ ብሎ ነው ዝም ያለው። ይህ ጉዳት ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ከረጅም ጉዞ በኋላ እግራቸው የሚያብጥ ወታደሮችን የገለጸው በ1855 ነው፤ ራጅ ገና ሳይፈለሰፍ። አጥንት ጫና ሲበዛበት ራሱን እንደገና ይገነባል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ ካልተሰጠው ይሰነጠቃል።

15ኛው አሰልጣኝ ነው፤ ምልምሎችን ማባበል አይቀናውም። በሥልጠና የሚፈስ ላብ በጦር ሜዳ ደም ያድናል፤ የዛሬ ልጆች ለስላሳ ሆነዋል፤ ሩጫ ካልሮጡ ምን ሊሆኑ ነው? 14ኛውንም በደንብ ወረፈው። እኔ ይህን ወረፋ አልወደድኩትም፤ ልጁ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሮጧል።

መልሱን የሰጠችው 2ኛዋ፣ ባለ ስታቲስቲክሷ ናት፤ በ16ኛ ቁጥር ተመለሰች። ማሪን በተባለው የአሜሪካ የባሕር እግረኛ ጦር ምልምሎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የሩጫው ርቀት በ40 በመቶ ገደማ ሲቀነስ የአጥንት ስንጥቁ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የመጨረሻው የሩጫ ፈተና ሰዓት የዘገየው በ3 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ አሰልጣኙ የሚፈልገውን ጠንካራ ወታደር በብዛት የሚያገኘው በየትኛው መንገድ ነው ብላ ጠየቀችው። ሆስፒታል የተኛ ምልምል አይሮጥም። 15ኛው ሁለት ጊዜ ተመልሶ ተከራከረ። በሁለተኛው ላይ ድምፁ ወረደ፤ የጥናቱን የሩጫ ሠሌዳ ማየት እንደሚፈልግ ጠየቀ። ከክርክሩ ሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

17ኛዋ የአንድ የቀድሞ ወታደር ባለቤት ናት። ባሏ ጆሮው ውስጥ ሌት ተቀን የሚጮህ ነገር አለ። ቴሌቪዥኑን እስከ ላይ ከፍቶ ያያል፤ ልጆቹ ሲያወሩት ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይሰማም። ምሳ ላይ ዘመድ ሲበዛ ተነስቶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሰዎች ኮርቶ ይመስላቸዋል። 18ኛው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ካሳ ከሚያገኙባቸው ጉዳቶች በብዛት የሚመሩት ይኸው የጆሮ ጩኸትና የመስማት ችግር መሆናቸውን ነገራት። ማንም በጀግንነት ትረካ ውስጥ የማያስገባው ጉዳት ነው። እሷ የምታየው ግን በየቀኑ ነው።

19ኛው ሁሉንም ገለበጠው። ወታደር ላይ ጥናት የሚባል ነገር ጨርሶ መታመን የለበትም አለ፤ ተመራማሪዎቹንም በስድብ ቀላቀለ። ስድቡን አልደግምም፤ ማስረጃው ግን እውነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ 60,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች ለሰናፍጭ ጋዝና ለመሰል ኬሚካሎች ሙከራ ውለዋል። ሚስጥሩን እንዲጠብቁ ስለታዘዙ ብዙዎቹ ለሐኪማቸው እንኳ ሳይናገሩ ኖረዋል። ፖርተን ዳውን በተባለው የብሪታንያ ጦር የኬሚካል ምርምር ጣቢያ በግንቦት 1953 የ20 ዓመቱ ወታደር ሮናልድ ማዲሰን ለሙከራ ክንዱ ላይ ሳሪን የተባለ መርዝ ተንጠባጥቦበት ሞተ። ሕገወጥ ግድያ ነው የሚል ብይን የተሰጠው በ2004 ነው። ከ51 ዓመት በኋላ።

20ኛው በእርጋታ መለሰ። ዛሬ በአሜሪካ መከላከያ ሕግ አለቃ የበታቹን ለጥናት መመልመል ቀርቶ፣ ምልመላው በሚካሄድበት ክፍል ውስጥ መገኘት አይፈቀድለትም። ጥናቱ አደጋ ካለውና ምልመላው በቡድን ከሆነ ከእዝ ሰንሰለቱ ውጭ የሆነ ታዛቢ መኖር አለበት። 21ኛው ደግሞ ጦር ሰፈር ውስጥ አለቃ ክፍሉ ውስጥ ባይኖርም ጥላው ይኖራል ብሎ ተቃወመ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሕጉ ያስፈልጋል፤ ሕጉ ብቻ ግን ያን አዳራሽ አይቀይረውም።

22ኛዋ የነካችው ጉዳይ ሁላችንንም አስተካክሎ አስቀመጠን። ራሱን የሚያጠፋ ወታደር ሲነሳ ሰው ሁሉ ጦር ሜዳውን ነው የሚያስበው። በ2015 የታተመ ጥናት 3.9 ሚሊዮን ያገለገሉ አሜሪካውያንን መዝገብ መርምሮ፣ ግዳጅ መሄድ ብቻውን ራስን ከማጥፋት ጋር እንዳልተያያዘ አገኘ። አደጋው ከፍ ያለው ከሠራዊት በወጡት ላይ ነው። በተለይ አራት ዓመት ሳይሞሉ በወጡትና በመጥፎ ሁኔታ በተሰናበቱት ላይ። መዝገብ ስለሆነ ሰው በቅጽ ላይ መደበቁ እዚህ አይነካውም። ጓደኛ፣ ሥራ፣ መኝታ፣ ሐኪም፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አስረክቦ የሚወጣ ወጣት ማን ይጠይቀዋል? ብዙ ሠራዊቶች ለወጣቱ መግቢያ እንጂ ለመውጫው ብዙ አላሰቡለትም። ይህን በሙሉ እምነት እላለሁ።

23ኛው ጥያቄው መቼ እንደሚጠየቅም ትልቅ ነገር መሆኑን አከለ። አሜሪካኖች ከ2005 ጀምሮ ወታደሩን በተመለሰ ሰሞን ብቻ ሳይሆን ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ እንደገና ይጠይቁታል። በ2007 የታተመ፣ ከኢራቅ የተመለሱ 88,235 ወታደሮች ጥናት እንዳሳየው፣ በሁለተኛው መጠይቅ ላይ የአእምሮ ጤና ችግር የተናገሩት በግልጽ በዝተዋል። ከሰው ጋር መጋጨትማ አራት እጥፍ ነው የጨመረው። የመጀመሪያው ቅጽ የሚሞላው እግሩ ወደ ቤት ባቀና ሰው ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ሚስቱም፣ ሌሊቱም፣ ወንበሩ ላይ መቀመጥ የከበደው ሰውነቱም ነግረውታል።

24ኛው የጋሼ ሁለተኛ መልስ ነው። እሳቸው ከዚያ ልጅ በኋላ ደህና ነህ ብለው መጠየቅ አቁመዋል። ቅጹ ከተሰበሰበ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ሰዉን አንድ በአንድ፣ ብቻውን፣ ቁስል ሊያዩ ወይም ደም ግፊት ሊለኩ በሚል ይጠሩታል። ትናንት ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛህ? ከቤተሰብ መጨረሻ የተጋጨኸው በምን ነው? ሰዉ በተሰበሰበበት ቦታ የት ትቀመጣለህ? እነዚህን ይጠይቁታል። የሚነግራቸውን ምልክት ብቻ አድርገው በግል ማስታወሻቸው ይይዙና፣ መታከም ያለበትን ራሳቸው ይዘውት ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ።

25ኛው በአሁኑ ሰዓት በአገልግሎት ላይ ያለ ነው። ጋሼ ጥያቄዎቹን በሙሉ እንዲጽፉለት ለመነ። 26ኛውም እንደዚሁ። 15ኛው አሰልጣኝም ተመልሶ፣ ለእኔም ይላክልኝ አለ። ጋሼ ማስታወሻቸውን ፈልገው ይለጥፉታል፤ እኔም ለወንድሜ እልከዋለሁ።